የደከመ ማሳን ወደ ድርቆሽ መስክ መመለስ

ማረስ ያቆሙት ማሳ በራሱ መስክ አይሆንም። መሬት ሲደክም «ትንሽ ይረፍ፣ ሣር ያብቅል» ብሎ መተው የተለመደ ነው። የመጀመሪያው ክረምት የሚያወጣው ግን ሣር አይደለም፤ አፈሩ ውስጥ ለዓመታት ሲጠራቀም የኖረውን የአረም ዘር ነው፤ ሲናሩን፣ ሙጃውን፣ መጩን። ከዚያ ከብት ይለቀቅበታል። ከብቱ የሚወደውን ከነሥሩ እየነቀለ ይበላል፣ የማይወደውን ያልፈዋል፤ ያለፈው ደግሞ አብቦ ዘሩን ያራግፋል። በሦስተኛው ዓመት የሚታየው ኮሸሽላና እንቧይ፣ በመሀሉም በሰኮና ተደብድቦ የጠነከረ ባዶ መሬት ነው። ባለቤቱ «ይህ መሬት ሣር እንኳ አልይዝ አለ» ብሎ ባሕር ዛፍ ይተክልበታል።

መሬቱ ሣር እምቢ ብሎ አይደለም። ከማረሻ የተላቀቀ መሬት የሚገዛው በሁለት ነገር ነው፤ በበሩና በማጭዱ። በሩ ከብት መቼ እንደሚገባ ይወስናል፤ ማጭዱ የትኛው ተክል ዘሩን አፍስሶ እንደሚያልፍ፣ የትኛው ሳያፈስ እንደሚቀር ይወስናል። እነዚህ ሁለቱ በሰዓታቸው ከተያዙ መስክ ከየትኛውም ማሳ ያነሰ ጉልበት ይጠይቃል፤ ከሦስተኛው ዓመት ወዲያ ሥራው በዓመት ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ግን ሥራ አላቸው፣ ይህንን መደበቅ አይገባም።

እዚህ የምጽፈው ከ2,200 እስከ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለ መሬት ነው፤ ገብስ፣ ስንዴ ወይም ጤፍ ሲፈራረቅበት ኖሮ ምርቱ ዘሩንና ማዳበሪያውን መመለስ ስላቃተው ማሳ። መለኪያዬ ጥማድ ነው፤ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር በሚሆንበት ስሌት።

የትኛውን ማሳ?

ከሁሉ የደከመውን ወይም ከሁሉ የራቀውን መምረጥ ይቀናል። ሩቁ አይሆንም፤ በር የሌለው መስክ መስክ አይደለም፣ በሩን ደግሞ ከቤት ሆኖ ማየት ካልተቻለ እህል ከታጨደ በኋላ የአገሩ ከብት ሁሉ ይገባበታል። በየአካባቢያችን ከአጨዳ ወዲያ ልቅ ግጦሽ እንደ መብት የሚታይ ልማድ ነውና፣ በእህል ማሳዎች መካከል ብቻውን የቀረ መስክ በአጥር ብቻ አይጠበቅም። ዘር ከመግዛት በፊት ከጎረቤት ጋር መነጋገር፣ ከተቻለም በቀበሌው መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ማስገባት ይቀድማል። በመንዝ የጓሳ ሜዳ ለዘመናት የቆየው ሣሩ ከሌላው የተለየ ሆኖ አይደለም፤ ቄሮ በሚባለው የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት በተከታታይ ለዓመታት ይዘጋ፣ በጋራ ቀን ይከፈት ስለነበር ነው።

ተዳፋት መሬት ለመስክ የመጀመሪያው እጩ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ እንዲውል ደንግጎ ነበር። ከሕጉ በፊት ግን አፈሩ ራሱ ይናገራል፤ ከእርሻው ታች በየክረምቱ ደለል የሚከመር ከሆነ ማሳው ከላይ እየሄደ ነው። ሁለተኛው እጩ ውኃ የሚተኛበት ዋልካ፣ ጥቁሩ ሸክላማ አፈር፣ ነው። እዚያ ላይ ስንዴ ቢጫ ሆኖ የሚቀረው ሥሩ አየር አጥቶ ነው፤ ማገጥ፣ ያ የምስር ወገን የሆነው የመስክ መኖ፣ እና ብዙ የጨፌ ሣር ግን ያንን ይችላሉ።

ባሕር ዛፍ አጠገብ ከሆነ ከዛፉ ቢያንስ 10 ሜትር መራቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥሩ ውኃውን ይቀድማል፣ ሣሩ ይሳሳል፣ ዘሩም ይባክናል።

ከዘሩ በፊት ያለው ዓመት

የመጨረሻው እህል የሚታረም ቢሆን ይመረጣል፤ ባቄላ ወይም ድንች። በእጅ ሁለት ጊዜ የታረመ ባቄላ ለቀጣዩ ዓመት መስክ ከማንኛውም ዝግጅት የበለጠ ውለታ ይውላል፤ ሲናርም ሙጃም ዘር ሳያፈስሱ ያልፋሉ።

የመጨረሻው እህል ስንዴ ከነበረና ፀረ-አረም መድኃኒት ከተረጨ አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ከማሳው አንድ ጣሳ አፈር፣ መድኃኒት ደርሶበት ከማያውቅ ድንበር ደግሞ ሌላ ጣሳ አፈር ይወሰዳል። በሁለቱም ላይ 10 የምስር ፍሬ ይዘራና ለሦስት ሳምንት እኩል ውኃ ይጠጣል። ምስርና ማገጥ የአንድ ወገን ተክሎች ናቸው፤ የማሳው ምስር ከድንበሩ ምስር ጋር እኩል ካደገ ማገጥ መዝራት ይቻላል። ከገረጣ፣ ከጫጨ ወይም ቅጠሉ ከተጨማደደ መድኃኒቱ አፈሩ ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ያን ዓመት ሣሩን ብቻ ዘርቶ ማገጡን ለከርሞ ማቆየት ነው። ይህን ሳያደርጉ «የማገጡ ዘር መጥፎ ነበር» ብለው ዘር ሻጩን የሚወቅሱ አሉ።

ዝናብ በሚበዛበት አካባቢ፣ በተለይ በጎጃምና በወለጋ ቀይ አፈር፣ አሲድ ያስቸግራል። አሲዳማ አፈር የሚሰጡትን ፎስፈረስ አስሮ ያስቀምጠዋል፤ ማዳበሪያው ይገባል እንጂ ተክሉ አያገኘውም። አፈሩን አስመርምሮ ኖራ ካስፈለገ ከዘር አንድ ወይም ሁለት ወር ቀድሞ በትኖ ከአፈሩ ጋር ማደባለቅ ነው። ከዘር ጋር በአንድ ቀን የተበተነ ኖራ ለዚያ ክረምት አይደርስም።

የድሮ ፈሰሶች ሌላ ጉዳይ ናቸው። እህል ሲዘራ ውኃ እንዲያወጡ የተቀደዱት ፈሰሶች መስክ ላይ ሲቀሩ ወደ ቦረቦር ያድጋሉ። ጥልቀታቸው ከአንድ ስንዝር በላይ የሆኑትን በድንጋይና በሣር ጉማጅ በየአምስት እርምጃው መዝጋት፣ የቀሩትን ደልድሎ ማለፍ ነው። ማሳው ካልተደላደለ ማጭድ አይሄድም፤ አጫጁ በጉብታው ላይ መሬት ይልጣል፣ በጎድጓዳው ውስጥ ደግሞ ግማሹን ሣር ትቶ ያልፋል።

ማሳውን ማታለል

በግንቦት ዝናብ መሬቱ ይገመሳል። ከዚያ አይዘራም፤ ይጠበቃል። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ከላይ ያለው የአረም ዘር ይበቅላል። ያኔ በቀላሉ፣ ከአራት ጣት በማይበልጥ ጥልቀት፣ ይገለበጣል። ዝናቡ ከፈቀደ ይደገማል። ቁም ነገሩ ሁለተኛውና ሦስተኛው እርሻ ጥልቅ አለመሆኑ ነው። ለእህል የለመደ እጅ ማረሻውን እየጫነ ይሄዳል፤ ማረሻ በጠለቀ ቁጥር ግን ታች ያንቀላፋው የሲናር ዘር ወደ ላይ ይወጣል፣ እስካሁን የተደከመውም ከንቱ ይሆናል።

የሚፈለገው የጤፍ መሬት ነው፤ ልስልስና ጠንካራ። ጤፍ መዝራት የሚያውቅ ሰው ሣር ለመዝራት ሌላ ትምህርት አያስፈልገውም፤ የሣር ዘር እንደ ጤፍ ደቃቅ ነው፣ ከላይ ይበተናል እንጂ አይቀበርም። ለጤፍ ከብት እንደሚነዳና መሬቱ እንደሚረገጥ ሁሉ እዚህም ይረገጣል፤ በጎችና አህዮች ከበሬ ይሻላሉ፣ ሰኮናቸው ጠባብ ስለሆነ ጉድጓድ አይቀድም። መለኪያው ተረከዝ ነው። ሰው ሲራመድበት ተረከዙ ከግማሽ ጣት በላይ ከጠለቀ ገና ነው፤ ዘሩ በመጀመሪያው ዶፍ ጎርፍ ታጥቦ ይሄዳል ወይም ወደ ስንጥቅ ወርዶ ይቀበራል። ከጣት ውፍረት በላይ የተቀበረ የሣር ዘር ጨርሶ አይወጣም፤ በአብዛኛው መስክ «ያልበቀለበት» ምክንያት ይኸው ነው።

ዋልካ ላይ ጊዜ ይቀድማል። ሰኔ አጋማሽ ዝናቡ ጸንቶ መሬቱ ግን ገና ሳይጨቀይ መዝራት ነው፤ በሐምሌ ውኃ ሲተኛ ቡቃያው ቢያንስ ሦስት ቅጠል ይዞ መገኘት አለበት። ቀይ አፈር ላይ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ማቆየት ይቻላል።

ተዳፋት ላይ ማሳው ሙሉ በሙሉ ተላጦ ዝናብ መጠበቅ የለበትም። በመጀመሪያ በየ8 ወይም 10 ሜትሩ አግድም የደሾ ሣር መስመር ይተከላል፤ ከቁጥቋጦው የተገነጠለ ሥር ያለው ቁራጭ፣ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ አንድ። ደሾ የደቡብ ደጋ፣ የጨንቻ ሣር ነው፤ ዛሬ በብዙ ክልል ለእርከን ይተከላል፣ አፈር በመያዝ በኩልም ያላሳፈረ ነው። በመስመሮቹ መካከል ያለው መሬት ከዚያ በኋላ ይዘራል።

ምን ይዘራ?

ለሽያጭ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ሮደስ ሣር ነው። ጥሩ ሣር ነው፤ ነገር ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ውርጭ ይመታዋል፣ በሁለተኛው ዓመት ይመነምናል። ከዚያ በላይ ላለ መሬት ፋላሪስ ይሻላል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን የአገሩ ሣር ድብልቅ ነው፤ ጋጃና ከእርሱ ጋር የሚበቅሉት ሌሎቹ የደጋ ሣሮች፣ ከማገጥ ጋር።

የአገሩ ዘር ሱቅ ውስጥ አይገኝም፣ ድርቆሽ ክምር ሥር ግን አለ። ጥሩ መስክ ያለው ጎረቤት ክምሩን ሲጨርስ ከሥሩ የሚቀረውን ብናኝ ማንሳት ነው። በእጅ አፍሶ በነጭ ጨርቅ ላይ ሲዘረጉት አቧራ የመሰለው ነገር ይለያል፤ ጭራ ያለው የጋጃ ዘር፣ ክብ ሆኖ የደቀቀ የማገጥ ፍሬ፣ የተሰባበረ ቅጠል። ለአንድ ጥማድ ሁለት ወይም ሦስት ጆንያ ብናኝ ይበቃል። ከመቀበል በፊት ግን የመጣበትን መስክ በመስከረም ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። እዚያ ፓርቲኒየም የሚባለው መጤ አረም ካለ አይነካም፣ በነፃም ቢሰጥ። ፓርቲኒየም የሰው ቆዳ ያሳክካል፣ የላሟን ወተት ያመርራል፣ አንዴ ከገባ በኋላ ደግሞ በእጅ ከመንቀል በቀር ሌላ ርካሽ መውጫ የለውም።

አዲስ የተሰበሰበ የሣር ዘር ወዲያው አይበቅልም፤ ጥቂት ወራት በደረቅ ቦታ መቆየት አለበት። በኅዳር ተሰብስቦ ለሰኔ የሚደርሰው ዘር በዚህ በኩል ልክ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ ደግሞ ይደክማል። ሙከራው ቀላል ነው፤ 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሙቅ ቦታ ማስቀመጥና ከ10 ቀን በኋላ መቁጠር። ሮደስ 30 ወይም 40 ቢበቅል ደህና ነው፤ ዘሩ ብዙ ባዶ ቅርፊት ስላለው ከዚያ በላይ መጠበቅ አይገባም። ከ20 በታች ከሆነ የዘሩ መጠን እጥፍ ይሁን፣ ወይም ይመለስ።

በ100 ከ30 በላይ ለሚበቅል ዘር በጥማድ ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ሮደስና 1 ኪሎ ማገጥ ይበቃል። የሮደስ ዘር ፀጉራም ነውና ከእጅ አይለቅም፣ በነፋስም ተንሳፍፎ ጎረቤት ማሳ ያርፋል። ከ10 ኪሎ ደረቅ አሸዋ ወይም ከተነፋ ደረቅ ፍግ ጋር ይለወሳል። ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ማሳውን በቁመት፣ ግማሹ በወርድ እየተሄደ ይበተናል፤ አንደኛው ዙር የዘለለውን ሁለተኛው ይሞላዋል። ነፋስ ሳይነሳ በማለዳ ነው።

ማገጥ ሌላ ባሕርይ አለው። ፍሬው ጠንካራ ቅርፊት አለው፤ ውኃ አያስገባም። በተፈጥሮው ይህ ብልሃት ነው፤ አንድ ክረምት ቢከዳ ሌላው እንዲያወጣው በየዓመቱ ጥቂቱ ብቻ ይበቅላል። ለሚዘራ ሰው ግን ግማሹ ዘር አፈር ውስጥ ተኝቶ ይቀራል ማለት ነው። በሁለት የብርጭቆ ወረቀት መካከል አድርጎ በቀስታ ማሸት ነው፤ ፍሬው ልሙጥነቱ ጠፍቶ እስኪደበዝዝ፣ እስኪሰበር አይደለም። ከዘሩ ውስጥ ሲሶውን ሳይታሽ ማስቀረት ጥሩ ነው፤ እርሱ የከርሞውና የከርሞ በስቲያው ዋስትና ነው።

ኢትዮጵያ ከ20 በላይ የማገጥ ዝርያዎች የሚበቅሉባት አገር ናት፤ ጥቂቶቹ በሌላ ቦታ የሉም። ማገጥ አየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን በሥሩ ላይ ባሉ እባጮች ይሰበስባል፣ ለሣሩም ያካፍላል፤ መስኩ ያለ ዩሪያ የሚኖረው በዚህ ነው። እባጮቹ መሥራታቸውን ለማወቅ በነሐሴ አንድ ማገጥ ነቅሎ እባጩን በጥፍር መሰንጠቅ ነው፤ ውስጡ ሮዝ ከሆነ እየሠራ ነው፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ሥራ ፈትቷል። ማገጥ በቅሎበት ለማያውቅ ማሳ፣ ማገጥ ከሚበቅልበት ድንበር ሁለት ባልዲ አፈር አምጥቶ ከዘሩ ጋር መበተን ጠቃሚውን ባክቴሪያ ያስገባል።

ማገጥ የሚለምነው አንድ ነገር ፎስፈረስ ነው። በዘር ጊዜ በጥማድ 25 ኪሎ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለበት ማዳበሪያ) መስጠት ይበቃል። ኤንፒኤስ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን 19 በመቶ ብቻ ስለሆነ በዚህ መጠን አይጎዳም። ዩሪያ ግን አይጨመርም። ዩሪያ ሣሩን በአንድ ወር ያስረዝመዋል፣ ሣሩ ማገጡን ያለብሰዋል፣ ማገጡ ብርሃን አጥቶ ይከስማል፤ ከዚያ ወዲያ መስኩ በየዓመቱ ዩሪያ ይጠይቃል። አነስተኛ ሥራ የሚፈልገው መስክ ያኔ ወደ ማሳነቱ ይመለሳል።

የመጀመሪያው ክረምት

ነሐሴ አጋማሽ ላይ የተዘራው ሣር ገና ከጣት አይበልጥም፣ ሲናሩና ሙጃው ግን ጉልበት ደርሰዋል። እዚህ ላይ ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ከብት ይለቁበታል ወይም መልሰው ያርሱታል። ሁለቱም ስህተት ነው። ጎንበስ ብሎ አረሙን በእጅ ከፈት አድርጎ ማየት ያስፈልጋል፤ ከሥሩ በአንድ መዳፍ ስፋት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት የሣር ቡቃያ ካለ መስኩ ተይዟል።

መፍትሔው ማጭድ ነው። ሲናሩ ዛላውን ከቅጠሉ ሊያወጣ ሲል፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ ማጨድ። ቡቃያው ከማጭዱ በታች ነውና አይነካም። ዝቅ ተብሎ ከታጨደ ግን አብሮ ይሄዳል። ቀደም ብሎ ከታጨደም ሲናሩ ከሥሩ እንደገና ያወጣል፤ ዛላ በሚያወጣበት ሰሞን የተቆረጠ ግን ያን ያህል ጉልበት አይቀረውም። የታጨደው እዚያው አይተውም፤ ቡቃያውን አፍኖ ያበሰብሰዋል። ተሸክሞ ቤት ላለው ከብት መስጠት ነው፣ ለጋ ሙጃና ሲናር ጥሩ መኖ ናቸው። ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ይደገማል።

ኮሸሽላ በማጭድ አይሞትም። መሬቱ እርጥብ እያለ በአካፋ ወይም በዶማ ከአንገቱ በታች፣ ቢያንስ አራት ጣት ጠልቆ መቁረጥ ነው። በጥማድ 50 ኮሸሽላ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከተተወ ከሁለት ዓመት በኋላ የሳምንት ሥራ ይሆናል።

ማሳው ተዳፋት ከሆነ ከሣሩ ጋር ጥቂት አጃ መዝራት ይጠቅማል፤ አፈሩን ቶሎ ይሸፍናል። በጥማድ ከ6 ኪሎ አይብለጥ፣ ነሐሴ ላይም በለጋነቱ ይታጨድ። ሜዳ ላይ ግን አጃ አልመክርም። አጃው ያምራል፣ ባለቤቱ ፍሬውን ይመኛል፣ እስኪደርስ ይጠብቀዋል፤ ከሥሩ ያለው ሣር በጥላ ያልቃል።

በዚህ ዓመት ከብት አይገባም። በበጋም ቢሆን። በሁለተኛው ዓመት ዝግጁነቱ የሚታወቀው በመንቀል ነው፤ አንድ ጭብጥ ሣር ይዞ እንደ ላም ምላስ ሳብ ማድረግ። ቅጠሉ ከተበጠሰ ሥሩ ይዟል፣ ከነሥሩ ከመጣ ገና ነው።

ማጭዱ መቼ?

የሱሉልታን ሜዳ ድርቆሽ አዲስ አበባ ዙሪያ ያለ ላም አርቢ ሁሉ ያውቀዋል። በየደጋው መስክ ላይ የሚታየው ጉድለት ግን አንድ ነው፤ አጨዳው ይዘገያል። ሣሩ ቢጫ ሆኖ፣ ዘሩ ረግፎ፣ አገዳው እንጨት ከሆነ በኋላ በኅዳር ይታጨዳል። ክምሩ ትልቅ ነው፣ ጥቅሙ ትንሽ። የመኖ ፕሮቲን ከ7 በመቶ በታች ሲወርድ በላም ጨጓራ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ይራባሉ፣ መኖው ሳይፈጭ ይቆያል፣ ላሟም ጠግባ እየመሰለች ትከሳለች። ዘግይቶ የታጨደ የተፈጥሮ ሣር ከዚያ በታች ነው።

ጊዜው ከሣሩ ግማሽ ያህሉ ዛላ ሲያወጣና ማገጡ በአበባ ላይ እያለ ነው፤ በአብዛኛው ደጋ ከጥቅምት መግቢያ እስከ ጥቅምት 20 አካባቢ። ከዚያ በፊት የመስከረም ማብቂያ ዝናብ ያበላሸዋል። ማጭዱ ከመሬት አንድ ጭብጥ ከፍ ይበል። የሣር ጉልበት ያለው በዚያች ጭብጥ ውስጥ ነው፤ መሬት ተልጦ የታጨደ መስክ በበጋ ይደርቃል፣ በክረምት ዘግይቶ ይነሳል፣ በመሀሉ አረም ይቀድመዋል።

የታጨደው ሳሳ ብሎ ተዘርግቶ ይውላል። መገልበጥ በማለዳ ነው፤ ጤዛው ገና ሳይደርቅ። የማገጥ ቅጠል በቀትር ሲነኩት ይረግፋል፣ ከማገጥ ደግሞ ዋናው ቅጠሉ ነው። ማታ ማታ በትናንሽ ክምር ሰብሰብ ይደረጋል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን አንድ ጭብጥ ወስዶ እንደ ገመድ መጠምዘዝ፤ ከተሰባበረ ደርሷል። የአገዳውን ቋጠሮ በጥፍር ሲፍቁት ልጣጩ ከተነሳ እርጥበት አለውና አንድ ቀን ይጨመርለት። ሳይደርቅ የተከመረ ድርቆሽ ከውስጥ ይግላል፣ ይሻግታል፤ የሻገተ ድርቆሽ ርጉዝ ላም ሊያስወርድ ይችላል። ከተከመረ ከሳምንት በኋላ እጅን እስከ ክርን አስገብቶ መዳሰስ ያስፈልጋል። ከሞቀ ያኔውኑ ማፍረስ ነው።

አሁን ከሁሉ የምወደው ክፍል ላይ ደረስን። አብዛኛው የአገራችን ማገጥ ዓመታዊ ነው፤ በክረምት በቅሎ፣ በመስከረምና በጥቅምት አብቦ፣ ዘሩን ጥሎ ይሞታል። በየዓመቱ በጥቅምት በአበባው ከታጨደ ዘር አይጥልም። ድርቆሹ ያምራል፣ ማገጡ ግን በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ከመስኩ ይጠፋል፤ ሣሩም ናይትሮጅን አጥቶ ይቀጭጫል፤ ባለቤቱ ወደ ዩሪያ ይሄዳል። ለመኖው ሲባል ቶሎ ማጨድ፣ ለዘሩ ሲባል ማዘግየት፤ ሁለቱን ማስታረቅ የሚቻለው መስኩን በመከፋፈል ነው።

መስኩ በአምስት ሰቅ ይከፈላል፤ ድንጋይ ተክሎ ምልክት ማድረግ ይበቃል። በየዓመቱ አራቱ በጥቅምት ይታጨዳሉ፣ አንዱ ይቀራል። የቀረው ሰቅ እስከ ኅዳር ማብቂያ አይነካም። በጥቅምት ላይ ንብ ይንጫጫበታል፤ በብዙው ደጋ ማር የሚቆረጠው ከአደይና ከማገጥ አበባ በኋላ ነውና ቀፎ ያለው ሰው ሰቁን ለንቡ ሲል ብቻ እንኳ ይተወዋል። በኅዳር የማገጡ አበባ ራስ ይጠወልግና ቡናማ ይሆናል። አንዱን በመዳፍ አሽቶ እፍ ሲሉት ገለባው ይሄዳል፣ ከአሸዋ ጥቂት የሚተልቁ ፍሬዎች ይቀራሉ። በጥርስ ሲነኩት የሚንቀጫቀጭ ከሆነ በስሏል። ያኔ ሰቁ ይታጨዳል፤ የታጨደውም ባዶ ወይም የሳሳ ቦታ ላይ እየተወሰደ ይራገፋል። ገለባው ለበሬ ይሆናል። በከርሞው ተራው የሚቀጥለው ሰቅ ነው። አንዱ ሰቅ ተራው እስኪደርስ አምስት ዓመት ይጠብቃል፤ ያ ጠንካራ ቅርፊት ያለው ፍሬ አፈር ውስጥ ዓመታት ስለሚቆይ፣ በየዓመቱም ከቀረው ሰቅ ዘር ወደ ሳሳው ቦታ ስለሚራገፍ በመሀሉ ማገጡ አይቋረጥም።

ከመስኩ ዳር ጥቂት ሰንደዶና አክርማ ቢቀር አይነቀል፤ ሰፌድ የሚሰፉ እናቶች ይፈልጉታል። ወደ መሀል ሲገባ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ከብት ሁለቱንም አይወድምና፣ አክርማ መሀል መስክ ላይ ሲበዛ ሌላው ሣር ከልክ በላይ ተግጧል ማለት ነው። ያኔ አክርማውን መንቀል ብቻ አይረዳም፤ በሩን ማጥበቅ ነው።

በሩ

ድርቆሹ ከተነሳ በኋላ ሣሩ ሦስት ሳምንት ያህል ያንሰራራ። ከዚያ፣ ከኅዳር እስከ ጥር፣ መሬቱ ደረቅ እያለ፣ ለዘር የቀረው ሰቅ እስኪታጨድ እየተጠበቀ፣ ከብት መግባት ይችላል፤ ሣሩ ከጭብጥ በታች ሲደርስ ይውጣ። ከየካቲት ጀምሮ ይዘጋል። አስቸጋሪው ወቅት ግንቦትና ሰኔ ነው። መኖ አልቋል፣ ከብቱ ከስቷል፣ መስኩ ደግሞ በመጀመሪያው ዝናብ አረንጓዴ ሆኗል። የዚያን ጊዜ አንድ ሳምንት ግጦሽ በጥቅምት የሚታጨደውን በብዙ ይቀንሳል፤ ቡቃያው የሚያድገው ካለፈው ዓመት በሥሩ ባስቀመጠው ስንቅ ነውና። እርጥብ ዋልካ ላይ ደግሞ ሰኮና የቀደደው ጉድጓድ ውኃ ይይዛል፣ በዚያ ጉድጓድ ውስጥ እንግጫ ይነግሣል። ለግንቦትና ለሰኔ የሚሆን ድርቆሽ በጥቅምቱ ክምር ላይ ቀድሞ መታሰብ አለበት። 250 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን 6 ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ትበላለች፤ ለሁለት ወር 360 ኪሎ። ደህና የተያዘ አንድ ጥማድ መስክ አንድ ቶን ድርቆሽ ሊሰጥ ስለሚችል ስሌቱ አይከብድም።

ማገጥ የበዛበት መስክ ላይ የተራበ ከብት በጤዛ አይለቀቅ፤ ሆዱ ይነፋል። መጀመሪያ ጭድ ይብላ፣ ጤዛው ይርገፍ።

አንድ ቶን ድርቆሽ ሲወጣ 2 ኪሎ ያህል ፎስፈረስና ከ15 እስከ 20 ኪሎ ፖታሲየም አብሮ ይወጣል። ናይትሮጅኑን ማገጡ ይተካል፣ እነዚህን ግን ማንም አይተካቸውም። ደጋ ላይ ፍጉ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ኩበት ሲነድ የሚጠፋው ናይትሮጅኑ ነው፤ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ በአብዛኛው አመዱ ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ የምድጃ አመድ በጓሮ ጥግ ከመከመር በጆንያ እየተጠራቀመ በግንቦት መስኩ ላይ ይበተን። ዝናብ ካገኘው ፖታሲየሙ ታጥቦ ይሄዳልና ጆንያው ጣሪያ ሥር ይቀመጥ።

ፍልፈል የሚቆልለው አፈር የማጭድ ጠላት ነው፣ የአረምም መራቢያ። በሰኔ ቁልሉ ሲርስ በአካፋ በትኖ፣ ረግጦ፣ አንድ ጭብጥ የክምር ሥር ብናኝ መጣል ነው። በዓመት አንድ ግማሽ ቀን ይበቃል።

በሦስተኛው ዓመት መስከረም መስኩን ከጥግ እስከ ጥግ 100 እርምጃ እየቆጠሩ መሄድ ጠቃሚ ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ የጫማው ጫፍ የነካው ምን እንደሆነ ይጻፋል፤ ሣር፣ ማገጥ፣ አረም ወይም ባዶ መሬት። ባዶው ከ20 ካለፈ በሩ ያለጊዜው ተከፍቷል። ማገጡ ከ10 ካነሰ ወይ ፎስፈረስ ጎድሎታል ወይ ማጭዱ ዘሩን ቀድሞታል፤ የዚያን ዓመት ሁለት ሰቅ ማስቀረት፣ በሰኔም በጥማድ 12 ኪሎ ኤንፒኤስ መስጠት። አረሙ ከ15 ካለፈ ነሐሴ ላይ አንድ የአረም አጨዳ ይጨመር። ሣሩ 60 ገደማ፣ ማገጡ ከ20 እስከ 30 ከሆነ፣ በሩን ዘግቶ እስከ ጥቅምት መቆየት ነው።